ያጨበጨበው ተሸናፊ

የቼዝ ወሬ ሲነሳ ቦቢ ፊሸር መጠራቱ አይቀርም። ፊልሙም ለእሱ፣ መጽሐፉም ለእሱ! እኛ ግን ዛሬ ከጠረጴዛው ማዶ ስለተቀመጠው ሰው፣ ስለ ቦሪስ ስፓስኪ ብናወራ ደስ ይለናል።

ቦታው ሬይካቪክ፣ አይስላንድ፤ ዓመቱ 1972 ነው (ቁጥራችን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው)። ሶቪየት ኅብረት የዓለም ቼዝ ዘውድን ከ1948 ጀምሮ ለማንም አላስነካችም። አሜሪካዊው ፊሸር የመጀመሪያውን ጨዋታ ተሸነፈ፤ በካሜራዎቹ ተማርሮም ለሁለተኛው ሳይመጣ ቀረ። 2 ለ 0። ስፓስኪ ያኔ ሻንጣውን ሸክፎ ዘውዱን እንደያዘ ሞስኮ መግባት ይችል ነበር። አልገባም። ፊሸር «ሦስተኛውን ከመድረኩ ጀርባ፣ ተመልካች በሌለበት ክፍል ካልሆነ» ሲል እሺ አለው። ፊሸር በዕድሜው ስፓስኪን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈው በዚያች ክፍል ነው።

ስድስተኛው ጨዋታ ላይ ሲደርሱ እኩል ነበሩ። ፊሸር ጨዋታ የሚከፍተው ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ከንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ገፍቶ ነው። ያን ቀን ግን ሌላ ወታደር አነሳ፤ ወደ ሲ-4። ጨዋታው ዞሮ ዞሮ ስፓስኪ አብዝቶ ወደሚተማመንበት መከላከያ ገባ። በገዛ ሰፈሩ ሊገጥመው መምጣቱ ነው እንግዲህ። ከ30ኛው እርምጃ በኋላ የስፓስኪ ንግሥት መፈናፈኛ አጥታ ከዲ-8 ወደ ኢ-8፣ ከኢ-8 ወደ ዲ-8 እንደ በር ጠባቂ ዘበኛ ትንጎራደድ ጀመር። በ38ኛው ፊሸር በግንቡ ፈረስ በላ፤ ግንቡም ወዲያው ተበላ። ሆን ብሎ ነው የሰዋው። በ41ኛው ስፓስኪ እጁን ሰጠ።

አዳራሹ አጨበጨበ። ስፓስኪም አብሮ አጨበጨበ! የሶቪየት ሻምፒዮን፣ በቀዝቃዛው ጦርነት መሐል፣ ላሸነፈው አሜሪካዊ።

«ልበ ለስላሳ ስለሆነ ነው ዘውዱን ያጣው» የሚሉ አሉ። አንስማማም። 12.5 ለ 8.5 የተሸነፈው ፊሸር ስለበለጠው ነው። እሱ ሻንጣውን ሸክፎ ቢሆን ኖሮ ግን ያ ስድስተኛ ጨዋታ የሚባል ነገር ባልኖረ።

በ1992 ሁለቱ ማዕቀብ በተጣለባት ዩጎዝላቪያ ድጋሚ ተጋጠሙ፤ አሜሪካም በፊሸር ላይ የእስር ማዘዣ አወጣች። በ2004 ጃፓን ውስጥ ሲያዝ ስፓስኪ ለፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ደብዳቤ ጻፈ። ወንጀሉን አብረን ነው የሠራነው፣ እኔንም ከእሱ ጋር አንድ ክፍል እሰሩኝ፣ የቼዝ ሰሌዳም ስጡን የሚል ነበር መልእክቱ።

ፊሸር በ2005 የአይስላንድ ዜግነት አግኝቶ ተለቀቀ፤ በ2008 እዚያው ሬይካቪክ ሞተ። ስፓስኪ እስከ 2025 ኖረ።