ስለ መርፌ፥ ስለ ነርቭና ስለ ሐኪም ዐይን

ሐኪም እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ዐይኑ ማየት እንዳለበት የማይስማማ ሰው የለም። ይሁን እንጂ የሰው ገላ በቆዳ፥ በስብና በሥጋ የተሸፈነ በመሆኑ፥ ቢላዋ የያዘውም ሆነ መርፌ የያዘው ሰው ለብዙ ዘመን ሥራውን ይሠራ የነበረው በግምት ነው። ግምቱ ሲሰምር በሽተኛው ይድናል፤ ግምቱ ሲስት ግን ጤና ፍለጋ የመጣው ሰው ሌላ ጉዳት ተሸክሞ ይመለሳል። የዚህ ጽሑፍ ዐሳብ የሐኪም ዐይን እየጠለቀ ሄዶ በዳሌ ውስጥ የተሸሸገውን ነርቭ እስከ ማየት እንዴት እንደ ደረሰ በአጭሩ ማስታወስና ከዚህም ታሪክ ለእኛ የሚተርፈውን ትምህርት ማመልከት ነው።

የነገሩ መነሻ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ ባልሆነው በ1888 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በጥቅምት ወር ቪልሄልም ሮንትገን የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ ዛሬ ራጅ የምንለውን ጨረር አገኘ። በየካቲት 23 ቀን የዐድዋ ጦርነት ሆነ። ጥቂት ወራት ቈይቶም ጁዜፔ አልቫሮ የተባለ የኢጣልያ የጦር ሐኪም በኢትዮጵያ ዘመቻ ቆስለው የተመለሱ ሁለት ወታደሮችን በናፖሊ ከተማ በዚሁ በአዲሱ ጨረር መርምሮ፥ በክንዳቸው ውስጥ የቀረው ጥይት የት እንዳለ ለየ። ስለዚህ ራጅ ለጦር ቁስለኛ ካገለገለባቸው የመጀመሪያ ጊዜያት አንዱ ከአገራችን ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው ማለት ይቻላል። ቢላዋ ከመግባቱ በፊት ሥዕል እንዲቀድም የተደረገውም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው። ነገር ግን ራጅ አጥንትንና እርሳስን እንጂ ነርቭን አያሳይም። ከአንጎልና ከአከርካሪ ተነሥቶ እስከ እግር ጣት ድረስ ስሜትንና እንቅስቃሴን የሚያደርሰው ያ ለስላሳ ገመድ ከሐኪም ዐይን እንደ ተሰወረ አንድ መቶ ዓመት ያህል ቈየ።

በዚህ መካከል ግን መርፌ ዓለምን ዞረ። ውስጡ ክፍት የሆነው የመርፌ መሣሪያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1853 በፈረንሳዊው ፕራቫዝና በስኮትላንዳዊው ዉድ እጅ ለሕክምና ከዋለ በኋላ፥ የክትባትና የፔኒሲሊን መገኘት ክብሩን እጅግ ከፍ አደረገው። በአገራችንም የመርፌን ታሪክ መመልከት የሚሻ ሰው በሰሜን አዲስ አበባ ወደምትገኘው ወደ ጉለሌ ቢሄድ መልካም ነው። በ1940ዎቹ ዓመታት የኢትዮጵያ ፓስተር ኢንስቲትዩት በዚያ ሆኖ እንደ እብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያለውን መድኃኒት ያዘጋጅ ነበር። ተቋሙ ስሙን እየለወጠ ሄዶ ዛሬ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቢባልም፥ የሰፈሩ ሰው ቦታውን አሁንም ‹ፓስተር› ይለዋል። በዚያው አካባቢ በ1960ዎቹ መባቻ የተመሠረተው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ይገኛል፤ በ2000 ዓ.ም. የሕክምና ትምህርት ቤት ስለ ተከፈተበትም የሚሌኒየም ሜዲካል ኮሌጅ የሚለውን ስም ጨምሯል። እንግዲህ አንዱ ተቋም መርፌ የሚሸከመውን ሲመረምር፥ ሌላው መርፌና ቢላዋ የሚይዙትን እጆች ያስተምራል።

የመርፌ ክብር ግን ከልክ ያለፈበት ጊዜ ነበረ። ሕዝቡ በመርፌ የተሰጠ መድኃኒት ቶሎ ሲያድን ስላየ፥ ክኒን ብቻ ታዝዞለት የተመለሰ በሽተኛ እንዳልታከመ ይቈጥረው ጀመር። ከዚህ የተነሣ በከተማም በባላገርም ትምህርት የሌለው መርፌ ወጊ ገበያ አገኘ። ብዙ ጊዜ የሚወጋው አካል መቀመጫ ሲሆን፥ የሰው ገላ ወፍራሙ ነርቭ፥ ሐኪሞች ሳያቲክ የሚሉት፥ የሚያልፈውም በዚያው ጡንቻ ሥር ነው። መርፌው ነርቩን ቢነካው ወይም መድኃኒቱ በአጠገቡ ቢፈስስ፥ ልጁ በዚያው ቀን እግሩን መጐተት ይጀምራል፤ ጣቶቹን ወደ ላይ ማንሣትም ያቅተዋል። ብዙ ወላጆችም ይህን ከልጅነት ልምሻ ጋር ያደባልቁታል።

ሁለተኛው ጉዳት ደግሞ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። በአንድ ስፍራ ደጋግሞ የተወጋ የሕፃን ጡንቻ ክሩ እየሞተ በጠባሳ ይተካል፤ ጠባሳውም ልጁ ሲያድግ አብሮ ስለማያድግ ዳሌውን እንደ ጠፍር ይይዘዋል። እንዲህ ያለ ልጅ ጕልበቱን ገጥሞ ቁጢጥ ማለት አይችልም፤ ጕልበቱን ግራና ቀኝ ከፍቶ ነው የሚቀመጠው። እግሩን በእግሩ ላይ ማነባበር ያስቸግረዋል፤ ሲሄድም የእግሩ ጫፍ ወደ ውጭ ይዞራል። ፈርናንዴዝ ደ ቫልደራማ የሚባል ሐኪም ይህን የዳሌ ጡንቻ መኮማተር በ1962 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1970) በጽሑፍ ገለጠ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሕሙማን የታዩት በቻይና ሲሆን፥ የመርፌን ሕመም ለመቀነስ ከፔኒሲሊን ጋር ይቀላቀል የነበረው ቤንዚል አልኮል ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑ ተረጋግጧል። በምሥራቅ አፍሪካም በዩጋንዳ ኩሚ በሚባለው ወረዳ የተደረገና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ለወባ ሲባል በመቀመጫ ላይ የሚወጋው ኩዊኒን በልጆች ላይ ያደረሰውን ተመሳሳይ ጉዳት ገልጧል።

መድኃኒቱ የጠፈረውን ጠባሳ ቈርጦ ዳሌውን መልቀቅ ነው። በቀድሞው አሠራር ሐኪሙ ቆዳውን በረጅሙ ከፍቶ ነርቩን በዐይኑ እያየ ይቈርጥ ነበር፤ በዚህ ነርቩን መጠበቅ ቢቻልም ቁስሉ ሰፊ፥ የመዳኛውም ጊዜ ረጅም ይሆናል። በኋላ ግን በጥቃቅን ቀዳዳዎች ትንሽ ካሜራና ቀጭን መቍረጫ አስገብቶ መሥራት ተቻለ፤ የቻይና ሐኪሞች በዚህ ሥራ ብዙ ልምድ አካብተዋል። ቁስሉ ጠበበ፤ ነገር ግን የሐኪሙም ዐይን አብሮ ጠበበ። ካሜራው ጠባሳውን ሲያሳይ፥ ከጠባሳው ኋላ ያለውን ነርቭ ላያሳይ ይችላል። ጠባሳው ነርቩን ስቦ ከተፈጥሮ መንገዱ ያንቀሳቀሰው እንደ ሆነ ደግሞ ከመጽሐፍ የተማሩት ሥዕል ብቻ አይበቃም።

ለዚህ ችግር መልስ የሆነው የነርቭ ሥዕል ነው። አሜሪካዊው ፖል ላውተርቡር በ1965 ዓ.ም. (1973) በማግኔት ኀይል የገላን ውስጥ በሥዕል ማሳየት እንደሚቻል አስታወቀ፤ ስለዚህም ሥራ ከእንግሊዛዊው ፒተር ማንስፊልድ ጋር በ1996 ዓ.ም. (2003) የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። አሮን ፊለርና ባልደረቦቹም በ1985 ዓ.ም. (1993) ይህንኑ ኤም አር አይ የሚባለውን መሣሪያ ነርቭን ለይቶ እንዲያሳይ አደረጉት። ጥበቡ እንዲህ ነው፤ የስብ ምልክት እንዲጠፋ ይደረጋል፤ በነርቩ ውስጥ ያለው ውሃ ምልክት ግን ይቀራል። በዚህ ጊዜ ነርቩ በጨለማ ውስጥ እንደ ተዘረጋ ነጭ ገመድ ይታያል። ሐኪሙም ጠባሳው ከነርቩ ምን ያህል እንደሚርቅ አስቀድሞ ለክቶ፥ ቀዳዳው የት እንደሚከፈትና መቍረጫው የት ላይ መቆም እንዳለበት ይወስናል።

ይህ መሣሪያ እጅግ ውድ ስለ ሆነ በየሆስፒታሉ ሊገኝ አይችልም። ደግነቱ ሌላ መንገድ አለ። ብሩኖ ፎርናዥ የተባለ ሐኪም በ1980 ዓ.ም. (1988) የእጅና የእግር ነርቮች በአልትራሳውንድ እንደሚታዩ ገለጠ። ይህ እናቶቻችን በእርግዝና ጊዜ የሚያውቁት መሣሪያ ዋጋው የቀለለ፥ ለማጓጓዝም የማያስቸግር ነው፤ ቀዶ ሕክምናው በሚካሄድበት ሰዓትም ነርቩን በዚያው ቅጽበት ያሳያል። አንድ አገር ባላት ዐቅም ከሁሉ አስቀድሞ ልታስፋፋው የሚገባው ይህን መሣሪያና በእርሱ ነርቭን ለይቶ ማየት የሚችለውን ባለሙያ ይመስለኛል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። ለአንድ ቢላዋ ብዙ መርፌ ይወጋል፤ መርፌ የሚወጋውም ሰው በፊቱ ምንም ሥዕል የለውም። ስለዚህ ሥዕሉ በአእምሮው ውስጥ ሊኖር ይገባል። መቀመጫውን በዐሳብ በአራት ቢከፍለው፥ ከነርቩ የሚርቀው ወደ ውጭ ያለው የላይኛው ሩብ ነው። ለሕፃን ደግሞ ጭን ከመቀመጫ ይሻላል፤ በ1972 ዓ.ም. (1980) በተጀመረው የክትባት ፕሮግራም ሕፃናት በጡንቻ የሚሰጠውን ክትባት በጭናቸው የሚወጉትም ይህን በመሰለ ምክንያት ነው። በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት የሚበቃ ሲሆን ደግሞ መርፌ አለመወጋት ከሁሉ ይበልጣል። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህም ይሠራል።

ስለዚህ የሥራ ኀላፊዎች መርፌ የሚወጋ ሰው ሁሉ የተማረና ፈቃድ ያለው መሆኑን ይቈጣጠሩ። መምህራንም በጨዋታ ሜዳ እንደ ጓደኞቹ ቁጢጥ ማለት ያቃተውን ልጅ ባዩ ጊዜ ሰነፍ ነው ብለው ከመገሠጽ ይልቅ ወላጆቹን ጠርተው ወደ ሐኪም እንዲወስዱት ይምከሩ። ተማሪዎችም መርፌ ካልተወጋሁ አልድንም የሚለውን የቈየ እምነት በየቤታቸው በትሕትና ያስረዱ። የነርቭን መንገድ ማየት የቻለ ዘመን ላይ ተወልዶ ባለማወቅ እግሩን የሚያጣ ልጅ ሊኖር አይገባምና።