ጥያቄውን ያስነሳችው ጉጉት

እ.ኤ.አ. በ1793 በጣሊያኗ ፓቪያ፣ ካህኑና ተመራማሪው ላዛሮ ስፓላንዛኒ ጉጉትንና የሌሊት ወፍን በዝግ ክፍል ውስጥ ፈተነ። ሁለቱም የሌሊት አዳኞች ናቸው። ሻማው ሲጠፋ ግን ጉጉቷ ከግድግዳ ጋር ትላተም ጀመር፤ የሌሊት ወፏ ምንም ሳትነካ በረረች። ዓይኗ ከጠፋ በኋላ እንኳ (ዛሬ ማንም የማይፈቅደው ጭካኔ ነው) በረራዋ አልተዛነፈም። እንዲያውም ዓይናቸውን አጥፍቶ ከለቀቃቸው የሌሊት ወፎች መካከል ከከተማዋ ካቴድራል የደወል ማማ መልሶ የያዛቸው፣ ሆዳቸው እንደ ጤነኞቹ በነፍሳት ተሞልቶ ተገኘ። ታሪኩ ሲነገር የምትወሳው የሌሊት ወፏ ናት፤ እኔ ግን ባለውለታዋ ጉጉቷ ናት ባይ ነኝ። እሷ ባትላተም ኖሮ በጨለማ መብረር የሌሊት እንስሳት ሁሉ ጠባይ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር።

የሌሊት ወፏ በጨለማ በምን ትመራለች ለሚለው ጥያቄ መልሱም የመጣው በማነጻጸር ነው። የጄኔቫው ሐኪም ሉዊ ዡሪን የሌሊት ወፎችን ጆሮ በሰም ሲደፍን እየተጋጩ ወደቁ። ሰሙ አሟቸው ይሆናል የሚል አይጠፋም። ስፓላንዛኒ ለዚህ ቀጫጭን የነሐስ ቱቦዎችን በጆሯቸው ከተተ፦ ቱቦው ክፍት ሲሆን ይበርራሉ፣ ሲደፈን ይላተማሉ። ሕመም ቢሆን ኖሮ በክፍቱም ቱቦ ይላተሙ ነበር። ሆኖም በኋላ በአውሮፓ አንቱ የተባለው የእንስሳት ተመራማሪ ጆርጅ ኩቪዬ በ1795 አንድም ሙከራ ሳያደርግ ነገሩ የክንፍ ዳሰሳ ነው ብሎ ደመደመ፤ ብዙዎችም እሱን ተከተሉ።

በዘመኑ መሣሪያ አልነበረም የሚለው መከራከሪያ ግማሽ እውነት አለው። የሌሊት ወፏ ድምፅ ከሰው ጆሮ አቅም በላይ ስለሆነ፣ ተመራማሪው ዶናልድ ግሪፊን በ1938 በሃርቫርድ በመሣሪያ እስኪይዘው ድረስ እንዴት እንደምትሰማ ማወቅ አይቻልም ነበር። በጆሮዋ እንደምትመራ ለማረጋገጥ ግን ሰም ይበቃል፤ ኩቪዬም ሰም አላጣም።

ግሪፊን ራሱ በኋላ በወፎች ላይ ያደረገው ሙከራ፣ ጆሮን መድፈን ብቻ እንደሚበቃ ያጠናክራል። በ1953 በቬንዙዌላ ካሪፔ ዋሻ የሚኖሩትን ጓቻሮ የተባሉ ወፎች ፈተነ። ጆሯቸው ሲደፈን በጨለማ ከግድግዳ ተላተሙ፤ መብራት ሲበራ ግን በዓይናቸው ተመርተው በረሩ። በጨለማ የሚመሩበት የቅጭልታ ድምፅ ደግሞ ያለ ምንም መሣሪያ በሰው ጆሮ ይሰማል። አሳሹ አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት እዚያው ዋሻ ገብቶ የወፎቹን ጫጫታ የሰማው በ1799፣ ስፓላንዛኒ በሞተበት ዓመት ነበር።