የተቀበረ ብርና የተቀበረ ፈንጂ፦ ስለ ብረት መፈለጊያ መሣሪያ አጭር ታሪክ

የዚህ የበዓል መጽሔት አዘጋጆች «ባለ ሱቅ ስለ ገንዘብ ታሪክ ካልጻፈ ማን ይጻፍ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ በኪስ ስላለው ሳይሆን በአፈር ውስጥ ስለቀረው ገንዘብ ልጽፍ ወሰንኩ። ምክንያት አለኝ። የእኅቴ ልጅ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ (ሜታል ዲቴክተር) ከዱባይ አስመጥቶ፣ «ጋሼ፣ በናይል ዳር የድሮ ሳንቲም ልፈልግ ነው፤ አስተካክልልኝ» ብሎ ሱቄ ድረስ መጥቶ ነበር።

በአፈር ውስጥ ገንዘብ መኖሩስ እውነት ነው። ባንክ ባልነበረበት ዘመን አያቶቻችን ጠገራ ብራቸውን በሸክላ አድርገው ይቀብሩ ነበር። ጠገራ የምንለው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት፣ 28 ግራም ያህል የሚመዝን የብር ገንዘብ ነው። ንግሥቲቱ በ1780 እ.ኤ.አ. ከሞተች በኋላ የተመታውም ሁሉ ያንኑ 1780 የሚል ቁጥር ስለያዘ፣ ቁጥሩን ብቻ አይቶ ዕድሜውን ማወቅ አይቻልም። ዐፄ ምኒልክ የራሳቸው መልክ ያለበትን ብር በፓሪስ አስመትተው 1887 ዓ.ም. የሚል ቢያጽፉበትም፣ ሕዝቡ የለመደውን ጠገራ ቶሎ አልተወም። ጠገራ በሱዳንም ገበያ ይሠራ ነበር። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ገንዘብ አስመትተዋል።

መሣሪያው ግን ለሳንቲም ፈላጊ የተሠራ አይደለም። በ1881 እ.ኤ.አ. የስልክ ፈልሳፊው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል፣ በጥይት የተመታው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ ሰውነት ውስጥ የቀረችውን እርሳስ በኤሌክትሪክ ለመፈለግ ሞክሮ አልተሳካለትም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የፖላንዱ መኮንን ዮዜፍ ኮሳትስኪ በእጅ የሚያዝ የፈንጂ መፈለጊያ ሠራ፤ በ1942 እ.ኤ.አ. በግብፅ፣ በኤል አላሜይን ጦርነት፣ የእንግሊዝ ጦር ተጠቀመበት። ጦርነቱ ሲያበቃ ከሠራዊት የተረፈው መሣሪያ በርካሽ ተሸጠና ሳንቲም ፈላጊዎች እጅ ገባ። እንግዲህ መጀመሪያ ፈንጂ፣ ቀጥሎ ሳንቲም መሆኑን ልብ በሉ።

አሁን ወደ ማስተካከያዎቹ ልግባ። ዋናዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው ለመሬቱ ነው። እንደ ጁባ ያለ ቀይ አፈር በውስጡ ብረትነት ስላለው፣ መሣሪያው ከአፈሩ ጋር ካልተስማማ ያለ ምክንያት ይጮኻል። ሁለተኛው የስሜት ኃይሉ ነው። ከፍ ሲል ጠለቅ ያለውን ይይዛል፤ ከመጠን ካለፈ ግን ሐሰተኛ ድምፅ ይበዛል። ሦስተኛው መለያው ነው። ብርና መዳብ ኤሌክትሪክን በደንብ ስለሚያሳልፉ በመለያው ላይ ከፍ ብለው ይታያሉ፤ ሚስማር ዝቅ ይላል። ስለዚህ ሳንቲም ፈላጊው «የሚስማሩንና የቆርኪውን አትንገረኝ» ብሎ ዝቅተኛውን ይዘጋዋል።

እዚህ ላይ ነው ችግሩ። መለያው የሚነግረን የብረቱን ዓይነት በግምት እንጂ የነገሩን ማንነት አይደለም። ትንሽ የወርቅ ሳንቲም ከሲጋራ ፓኮ የብርማ ወረቀት ጋር በአንድ መስመር ሊውል ይችላል፤ ወረቀቱን የዘጋ ወርቁንም ይዘጋል። የጥይት ቀለህ ደግሞ ነሐስ ስለሆነ እንደ ጥሩ ሳንቲም ይጮኻል።

ይህን በዓይናችን አየነው። ቤቱ ሲሠራ አፈሩ ተቆፍሮ በተጣራው በሱቄ ግቢ ከልጁ ጋር መሣሪያውን ሞከርነው። ጥቂት ቆርኪ አገኘን፤ ከዚያ መሣሪያው «የብር ሳንቲም» በሚለው ቁጥር ላይ ጮኸ። ልጁ በደስታ ጫረው፤ የወጣው ባዶ ቀለህ ነበር።

በዚያው ሳምንት አንድ ፈንጂ አምካኝ ደንበኛዬ ነገሩን ስነግረው ሳቁን አቋርጦ፣ «እኛ መለያ አንጠቀምም፤ የምትጮኸውን ሁሉ በጉልበታችን ተንበርክከን እናጣራለን» አለኝ። አንዳንድ ፈንጂ አብዛኛው አካሉ ፕላስቲክ ሆኖ ውስጡ ያለው ብረት ከሚስማር ያንሳል። ሳንቲም ፈላጊው «አትንገረኝ» ብሎ የዘጋው ድምፅ ፈንጂ አምካኙ ነፍሱን የሚያድንበት ድምፅ ነው። ጁባ ከ1983 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. በነበረው ጦርነት የጦር ሰፈር ከተማ ነበረች፤ በዙሪያዋ ፈንጂ ተቀብሯል። በታኅሣሥ 2013 እና በሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. የተደረጉት ውጊያዎች ደግሞ ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ ጥለው አልፈዋል። ለሌላ አገር መናፈሻ የተሠራ ማስተካከያ ለዚህ አፈር አይሆንም።

ወደ አገር ቤት ስንሄድ ይዘነው እንሂድ የሚልም አይጠፋም። በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ፍለጋ ያለ ፈቃድ መቆፈር ክልክል ነው፤ በአጋጣሚ ያገኘም ማስታወቅ አለበት። ነገሩ ሕግ ብቻ አይደለም። በ1980 እ.ኤ.አ. በደቡብ የመን፣ አል ማድሃሪባ በተባለ ቦታ፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ የአክሱም ወርቅ ገንዘቦች ከሮማውያን ወርቅ ጋር በአንድነት ተገኙ። አንድ ላይ መገኘታቸው ስለ አክሱምና ስለ ቀይ ባሕር ማዶ ግንኙነት ለታሪክ ሰዎች ብዙ ተናገረ። ያው ወርቅ ተበታትኖ በየገበያው ቢሸጥ ኖሮ ከሚዛን በቀር የሚናገረው አይኖረውም ነበር።

የእኅቴ ልጅ መሣሪያውን አልጣለውም፤ ሱቅ ውስጥ ተሰቅሏል። ባለፈው የአንዲት ጎረቤታችን የጋብቻ ቀለበት ከአሸዋ ክምር ውስጥ ጠፍቶ መለያውን ሙሉ በሙሉ ከፍተን ፈለግንላት፤ ተገኘ። የቀረውን መሬት ለፈንጂ አምካኞቹ እንተውላቸው። ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ በሜዳ የማያውቁትን ብረት ሲያዩ እንዳይነኩ፣ በመጡበት ዱካ ተመልሰው ለትልቅ ሰው እንዲነግሩ አደራ በሏቸው።

መልካም በዓል ይሁንልን።