የእጅ ሥፍራ በአንጎል ውስጥ

እጅ የአሳብ አገልጋይ መሆኑ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ከአንጎል ክፍሎች የትኛው እጅን እንደሚያዝ ግን ለብዙ ዘመን ማስረጃ አልተገኘለትም ነበር። በ1870 ዓ.ም. (ይህም ሆነ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጉስታቭ ፍሪትሽና ኤድዋርድ ሂትሲግ የተባሉ የጀርመን ሐኪሞች የውሻን አንጎል በቀላል የኤሌክትሪክ ኃይል በነኩ ጊዜ፥ በተቃራኒው ወገን ያለው እግር ሲንቀሳቀስ አዩ።

የሰውን አንጎል በዚህ አኳኋን በሰፊው የመረመረው በሞንትሪያል የነበረው የቀዶ ጥገና ሐኪም ዊልደር ፔንፊልድ ነው። አንጎል ራሱ ሕመም ስለማይሰማው፥ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሕሙማን ነቅተው ሳሉ የተሰማቸውን ይነግሩት ነበር። በ1937 ከኤድዊን ቦልድሬይ ጋራ ባሳተመው ጽሑፍ፥ ከሰውነት መጠናቸው ጋራ ሲነጻጸር እጅና ፊት እጅግ ሰፊ ሥፍራ መያዛቸውን አስረዳ።

ይህ ሁሉ የተገኘው የራስ ቅል ተከፍቶ ነው። በ1990 ግን ሴጂ ኦጋዋና ባልደረቦቹ በደም ውስጥ ያለው የኦክሲጅን ለውጥ በማግኔት መሣሪያ ሥዕል እንደሚታይ ገለጹ፤ በ1992ም በአሜሪካ ጤነኞች ሰዎች እጃቸውን ሲያንቀሳቅሱ አንጎላቸው ያለ አንዳች ቁስል ታየ።

ከዚህ በኋላ የተነሣው ጥያቄ መምህራንን በቀጥታ የሚነካ ነው፤ ይኸውም ይህ የአንጎል ካርታ በትምህርት ይለወጣልን? የሚል ነው። በ1995 ቶማስ ኤልበርትና ባልደረቦቹ ቫዮሊንና መሰል የአውታር መሣሪያ የሚጫወቱ ሰዎችን ሲመረምሩ፥ የግራ እጃቸው ጣቶች በአንጎል ውስጥ ያላቸው ምላሽ ከሌሎች ሰዎች ይልቅ የበረታ ሆኖ ተገኘ፤ ይህም በተለይ በልጅነታቸው በጀመሩት ላይ ጐልቶ ታየ። በ1996 ደግሞ ኖሪሂሮ ሳዳቶና ባልደረቦቹ ከልጅነታቸው ዓይነ ስውር የሆኑ ሰዎች ብሬል በጣታቸው ሲያነቡ፥ ለማየት የተመደበው የአንጎል ክፍል ሲሠራ አዩ።

ይሁን እንጂ ሥዕል የደምን ለውጥ ያሳያል እንጂ ያ ሥፍራ ለንባቡ የግድ ማስፈለጉን ብቻውን አያስረዳም። ስለዚህ በ1997 ሊዮናርዶ ኮኸንና ባልደረቦቹ ያንኑ ክፍል በማግኔት ኃይል ለአፍታ ባወኩት ጊዜ፥ ዓይነ ስውራኑ በንባባቸው ተሳሳቱ፤ የሚያዩት ሰዎች በመዳሰስ ሥራቸው ግን እንዲህ አልሆኑም። ብርሃን ያልደረሰው የአንጎል ክፍል ሥራ ፈትቶ አልቀረም፤ ለጣት ንባብ አገልጋይ ሆነ።

እንግዲህ ለዓይነ ስውሩ ሕፃን ብሬልን በጊዜው ማስተማር የርኅራኄ ሥራ ብቻ ተብሎ ሊታለፍ አይገባውም፤ አንጎሉ ለመማር በተዘጋጀበት ወራት የሚገባውን መስጠት ነውና።