ኤችፒ እና ኮምፓክ፦ በጠባብ ልዩነት ያለፈው ጋብቻ

ሴፕቴምበር 2001 መጀመሪያ ላይ (ዘመኑ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) የአሜሪካው ሂውሌት ፓካርድ፣ በአጭሩ ኤችፒ፣ ተፎካካሪውን ኮምፓክን በ25 ቢሊዮን ዶላር ጠቅልሎ ሊገዛ መሆኑን አስታወቀ።

ነገር ግን ክፍያው በጥሬ ገንዘብ አልነበረም። በውሉ መሠረት ለእያንዳንዱ የኮምፓክ አክሲዮን 0.6325 የኤችፒ አክሲዮን ይሰጣል። እንዲህ ባለ ውል ዋጋውን የሚቆርጠው ገበያው ነው። ገበያው በተከፈተበት በመጀመሪያው ቀን የኤችፒ አክሲዮን 18 በመቶ ገደማ ወረደ፤ የ25 ቢሊዮኑ ስምምነትም ወደ 20 ቢሊዮን ተጠጋ። ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው ኩባንያ አክሲዮን በዚህ ዓይነት ዜና ይጨምራል። የኮምፓክ ግን 10 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ልክ በሳምንቱ ደግሞ የሴፕቴምበር 11 ጥቃት ደረሰ።

የኤችፒ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ካርሊ ፊዮሪና ክርክራቸው ግልጽ ነበር። ዴል ኮምፒውተር በቀጥታ ለደንበኛ እየሸጠ ዋጋ ሰብሯል፤ አይቢኤም በአገልግሎት ርቆ ሄዷል። ሁለቱ ኩባንያዎች ከተዋሃዱ በዓመት 2.5 ቢሊዮን ዶላር ወጪ ይቀንሳል ተባለ። ከዚህ ቁጥር ጀርባ ከሥራ የሚሰናበቱ 15,000 ሠራተኞች ነበሩ።

ተቃውሞው የመጣው ከቤት ውስጥ ነው። የመሥራቹ የቢል ሂውሌት ልጅ፣ የቦርድ አባሉ ዋልተር ሂውሌት፣ በቦርዱ ስብሰባ ድጋፋቸውን ከሰጡ በኋላ በኖቬምበር ወር በይፋ ተቃወሙ። ሒሳባቸው ቀላል ነበር። ኤችፒን የሚያኖረው ፕሪንተርና ቀለሙ ነው። ከውህደቱ በኋላ የኤችፒ ባለአክሲዮኖች ድርሻ 64 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ማለትም ጥሩውን ንግድ ከሦስተኛ በላይ አሳልፈው ሰጥተው ትርፉ የሳሳ የኮምፒውተር ንግድ ይቀበላሉ። ኮምፓክም ቢሆን ዲጂታል የተባለውን ኩባንያ በ1998 በ9.6 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ ገና የጎረሰውን አልዋጠም ነበር።

የቦርዱ መልስ አሳፋሪ ነበር ማለት ይቻላል፤ ለባለአክሲዮኖች በተላከ ደብዳቤ ዋልተርን «ሙዚቀኛና ምሁር» ብሎ አጣጣላቸው። ዋልተር ቼሎ መጫወታቸው እውነት ነው፤ 64 በመቶ ግን ቼሎ ተጫወቱም አልተጫወቱም 64 በመቶ ነው።

ከሁለቱም ወገን ማስረጃ ማቅረብ ያልቻሉበት አንድ ጥያቄ ነበር፦ ኤችፒ ኮምፓክን ባይገዛ ምን ይሆናል? ባለአክሲዮኑ ድምፅ እንዲሰጥ የተጠየቀው ሊታይ በማይችል ነገር ላይ ነው። መተውም በነፃ አልነበረም። ውሉ ለማፍረሻ እስከ 675 ሚሊዮን ዶላር የሚያስከፍል አንቀጽ ነበረው። ወራቱ በተጓተቱ ቁጥርም ሰርቨር ሊገዛ ያሰበ ደንበኛ «የትኛው ዕቃ ይቀጥላል? የትኛው ይቀራል?» ማለቱ አይቀርም።

ማርች 19 ቀን 2002 ድምፅ ተሰጠ። ውጤቱ 51.4 ለ48.6 ሆነ፤ ልዩነቱ 45 ሚሊዮን አክሲዮን ያህል ነበር። ዶይቼ ባንክ 17 ሚሊዮን የሚሆነውን ድምፅ በመጨረሻው ሰዓት ከተቃውሞ ወደ ድጋፍ አዛውሯል። ዋልተር ድምፁ ያለአግባብ ተገኘ ብለው ከሰሱ፤ የደላዌር ፍርድ ቤት ግን ኤፕሪል 30 ክሱን ውድቅ አደረገው። ውህደቱ በሜይ 3 ተፈጸመ። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የዶይቼን የንብረት አስተዳደር ክፍል 750,000 ዶላር ቀጣው፤ ምክንያቱም ባንኩ ለኤችፒ በክፍያ ይሠራ እንደነበር ለደንበኞቹ አልገለጸም።

ፊዮሪና በፌብሩዋሪ 2005 ተባረሩ። በ2006 ደግሞ ኤችፒ ዴልን ቀድሞ በኮምፒውተር ሽያጭ የዓለም አንደኛ ሆነ። ደጋፊውም ተቃዋሚውም «አላልኩም?» ለማለት በቂ ነገር አገኘ። በ2015 ኩባንያው ለሁለት ተከፈለ፤ ሰርቨሩና አገልግሎቱ ወደ አንዱ ሲሄዱ ፕሪንተሩና የግል ኮምፒውተሩ በሌላው ውስጥ አብረው ቀሩ።