የቀሪ ታሪክ፦ ከባሕረ ሐሳብ እስከ ኮምፒውተር ምሕንድስና

መግቢያ

ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ፣ አምቦንና ጌዶን አልፎ፣ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ የምትገኘው ባኮ በበቆሎ ምርምሯ ስሟ የታወቀ የምዕራብ ሸዋ ከተማ ናት። «ቢኤች» በሚሉ ፊደላት የሚጀምሩት የበቆሎ ዲቃላ ዝርያዎች ስማቸውን ያገኙት ከዚህች ከተማ ሲሆን፣ ከእነርሱም መካከል በሰፊው የተዘራው ቢኤች 660 የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው።

ከባኮ ተነሥቶ የኮምፒውተር ምሕንድስና ለመማር ዩኒቨርስቲ የሚገባ ወጣት ዲስክሪት ሒሳብ ከሚባል ትምህርት ጋር ይገናኛል። ይህ ትምህርት አንድ፣ ሁለት ተብለው ተነጣጥለው ስለሚቆጠሩ ነገሮች የሚያጠና ነው። ስብስብ፣ ዝምድና፣ አመክንዮ፣ ቆጠራ፣ የቀሪ ስሌትና የግራፍ ጥናት ዋና ዋና ክፍሎቹ ናቸው። ተማሪው በ2ኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአመክንዮ ምዕራፍ ያየ ቢሆንም፣ የትምህርቱ ጉዞ በአመዛኙ ወደ ካልኩለስ ያመራ ስለ ነበር፣ አዲሱ ትምህርት ከባዕድ አገር ድንገት የመጣ እንግዳ ይመስለዋል። ሆኖም የዚህ ሒሳብ መሠረታዊ አሳቦች በአገሩ ለብዙ ዘመናት ሲሠራባቸው የኖሩ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከእነዚህ አሳቦች አንዱን፣ ማለትም ቀሪን፣ በታሪክ መከተልና ለትምህርት አሰጣጥ ያለውን ጠቀሜታ ማመልከት ነው።

ሀ/ ቀሪ በባሕረ ሐሳብ

የባሕረ ሐሳብ ስሌት በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ከ2ኛው ወደ 3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መሸጋገሪያ ከነበረው ከእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ከድሜጥሮስ ጋር ይያያዛል። በስሌቱ ድርሻው ተጥሎ ቀሪው ይያዛል። የ2016 ዓ.ም.ን ስሌት ለምሳሌ እንውሰድ። በ2016 ላይ 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7516 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 11 ይቀራል፤ ከእርሱም አንድ ሲነሣ 10 ይሆናል፤ ይህም ወንበር ይባላል። ወንበር በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ ይገኛል፤ 110 በ30 ሲገደፍ 20 ይተርፋል። እንደዚሁም ወንበር በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ ይገኛል፤ 190 በ30 ሲገደፍ 10 ይተርፋል። መጥቅዑ ከ14 ያነሰ ስለ ሆነ በዓለ መጥቅዕ የሚውለው ጥቅምት 10 ቀን ነው። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። የቅዳሜ ተውሳክ 8 በመጥቅዑ ላይ ሲደመር 18 ይሆናል፤ ስለዚህ ጾመ ነነዌ የካቲት 18 ቀን ገባ። የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲታከልበት 27 ይመጣል፤ ትንሣኤም ሚያዝያ 27 ቀን ዋለ።

የአብነት ተማሪዎች አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ ሁልጊዜ 30 እንደሚሆኑ ያውቃሉ። ከላይ ባለው ምሳሌም 20 እና 10 ተደምረው 30 ሆነዋል። ለምን እንዲህ ሆነ? መልሱ አጭር ነው። አንደኛው ወንበርን በ11፣ ሁለተኛው በ19 ያባዛል፤ 11 እና 19 ሲደመሩ 30 ናቸው። ስለዚህ ወንበር ማንኛውም ቁጥር ቢሆን የሁለቱ ብዜቶች ድምር ወንበር በ30 ተባዝቶ የሚገኘው ነው፤ ይህም በ30 ሲገደፍ ምንም አይተርፈውም። ወንበር አልቦ በሚሆንበት ዓመት አበቅቴው አልቦ፣ መጥቅዑም 30 ተብሎ መያዙ ከዚሁ ሕግ የሚወጣ ነው። በዩኒቨርስቲ ማረጋገጫ የሚባለው እንዲህ ያለው የ«ለምን» መልስ ነው። የብዙ ተማሪዎች ጭንቀትም ከስሌቱ ይልቅ በማረጋገጫው ላይ ነው።

ለ/ ቀሪ በገዳ ሥርዓት

የሜጫ ኦሮሞ የገዳ ማዕከል የነበረው ኦዳ ቢሲል የሚገኘው በዚያው በምዕራብ ሸዋ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው የገዳ ሥርዓት የተመሠረተው በዑደት ላይ ነው። አንድ ምድብ ለ8 ዓመት ሥልጣን ይዞ ለተከታዩ ያስረክባል፤ ምድቦቹ 5 ስለ ሆኑ አንዱ ምድብ ተመልሶ ተራው የሚደርሰው በ40 ዓመት ነው። በአባትና በልጅ የገዳ ዘመን መካከል ያለው ርቀትም 40 ዓመት ነው። እንግዲህ ከአንድ ምድብ የሥልጣን መጀመሪያ አንሥቶ 100 ዓመት ሲሞላ ባለተራው ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ 100 ለ8 ሲካፈል 12 ርክክብ ተፈጽሞ 4 ዓመት ይተርፋል፤ 12ም በ5 ሲገደፍ 2 ይቀራል። ስለዚህ ባለተራው ከመነሻው ምድብ ሁለተኛ ተከታይ የሆነው ሲሆን፣ የዘመኑን እኩሌታ ፈጽሟል ማለት ነው። የሃይማኖት በዓልና የሕዝብ አስተዳደር በዓላማ ቢለያዩም፣ ዘመንን የሚቆጥሩበት ስሌት አንድ ዓይነት ሆኖ ይገኛል።

ሐ/ እጥፍና እኩሌታ

በውጭ አገር የሒሳብና የኮምፒውተር መማሪያዎች «የኢትዮጵያ ማባዛት» በሚል ስም የሚታወቅ ዘዴ አለ። ተመሳሳይ የማጠፍ ዘዴ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተጻፈው የግብፅ የሒሳብ ፓፒረስም ይገኛል። 13ን በ18 ለማባዛት አንደኛው በእኩሌታ ይከፈላል፣ ትራፊውም ይጣላል፤ ሌላው ይታጠፋል። 13፣ 6፣ 3፣ 1 ተብሎ ሲወረድ በአንጻሩ 18፣ 36፣ 72፣ 144 ይጻፋል። በግራ ሙሉ ቁጥር የያዘው ረድፍ፣ ማለትም 6 እና 36፣ ይሰረዛል። የቀሩት 18፣ 72 እና 144 ሲደመሩ 234 ይሆናሉ፤ መልሱም ትክክል ነው።

ምስጢሩ ያለው በሁለት ሲካፈል በሚገኘው ቀሪ ላይ ነው። ጎዶሎ ለሆነው 1፣ ሙሉ ለሆነው 0 ቢጻፍና ከታች ወደ ላይ ቢነበብ 1101 ይገኛል፤ ይህም 13 በሁለትዮሽ አጻጻፍ ነው። ጀርመናዊው ላይብኒትዝ እ.ኤ.አ. በ1703 ስለዚህ አጻጻፍ ጽሑፍ አቀረበ። እንግሊዛዊው ጆርጅ ቡል በ1854 አመክንዮን በአልጀብራ ምልክት ጻፈ። አሜሪካዊው ክሎድ ሻነን በ1937 ባቀረበው የመመረቂያ ጽሑፍ የቡል አልጀብራ የኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያ ዑደቶችን ለመንደፍ እንደሚያገለግል አሳየ። ኮምፒውተር የሚሠራባቸው 0 እና 1 በዚህ መንገድ ከወረቀት ወደ ሽቦ ተሸጋገሩ።

መ/ ከማሳ ወደ ክፍል

አራት የበቆሎ ዝርያዎችን ለማወዳደር የሚሻ ተመራማሪ መሬቱ በአንድ ወገን ተዳፋት፣ በሌላው ወገን ለምነቱ የተለያየ ቢሆን፣ እያንዳንዱ ዝርያ በየረድፉና በየዓምዱ አንዳንድ ጊዜ እንዲገኝ አድርጎ ይዘራል፦

ሀ ለ ሐ መ
ለ ሐ መ ሀ
ሐ መ ሀ ለ
መ ሀ ለ ሐ

ይህ የላቲን ካሬ ይባላል። የስዊሱ ሊቅ ኦይለር በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጠናው፤ እንግሊዛዊው ፊሸር በ1920ዎቹ ለእርሻ ሙከራ አዋለው። ረድፎችና ዓምዶች ከ0 እስከ 3 ተቆጥረው ሲደመሩና በ4 ሲገደፉ ፊደሉ ይታወቃል፤ እዚህም የሚሠራው ቀሪ ነው። በአራት ፊደል የሚሠሩት ካሬዎች 576 ሲሆኑ፣ በአምስት 161,280፣ በስድስት ደግሞ 812,851,200 ይደርሳሉ። ሁሉን ዘርዝሮ መጻፍ የማይቻል ሲሆን በአሳብ መቁጠር ግድ ይሆናል።

በሥርዓተ ትምህርት ረገድ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 በኢንቴቤ የተጀመረውና ኢትዮጵያም የተሳተፈችበት የአፍሪካ የሒሳብ ፕሮግራም የስብስብን አሳብ ወደ ክፍል አስገባ። በ1968 ደግሞ የአሜሪካ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ማኅበር ባወጣው የሥርዓተ ትምህርት ምክር የዲስክሪት መዋቅሮች መግቢያ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ ተመደበ። በመካከሉ ያለው ክፍተት ግልጽ ነው፤ ስብስብ በትምህርት ቤት በብያኔና በምልክት ሲሰጥ፣ የሚያገለግለው መሣሪያ በተማሪው ዘንድ አልነበረም። ዛሬ ግን መሣሪያው በእጁ ነው። በ1977 ሪቨስት፣ ሻሚርና ኤድልማን ያገኙት የምስጢር አጻጻፍ በታላላቅ ቁጥሮች ቀሪ ላይ የቆመ ሲሆን፣ በኮምፒውተር መረብ የሚተላለፉ መልእክቶችን ለመጠበቅ ሲያገለግል ቆይቷል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረው አባቶች ኮምፒውተርን አስቀድመው አውቀው ነበር ለማለት አይደለም። ባሕረ ሐሳብ ደንቡን በቃል አስይዟል፤ ገዳም ተራውን በሥርዓት ጠብቋል፤ ደንቡ በማናቸውም ቁጥር ላይ ለምን እንደሚጸና መመርመር የዩኒቨርስቲው ድርሻ ነው። ሆኖም የሚያውቀውን ደንብ «ለምን?» ብሎ የሚጠየቅ ተማሪ፣ ደንቡንና ምክንያቱን በአንድ ቀን በባዕድ ቋንቋ ከሚቀበለው ይልቅ የሚቆምበት መሬት አለው። ስለዚህ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች የቀሪ ስሌት በአበቅቴና በመጥቅዕ፣ በገዳ ዑደትና በሙከራ ማሳ አከፋፈል ቢጀመር፣ ማረጋገጫም ከእነዚሁ ቢነሣ፣ የባኮው ወጣት ዩኒቨርስቲ ሲደርስ የሚጠብቀው ትምህርት ቀድሞ የሚያውቀው ሆኖ ያገኘዋል። ይህን ለማድረግ አዲስ መሣሪያም ሆነ ብዙ ወጪ አያስፈልግም፤ ጥቁር ሰሌዳ፣ ጠመኔና አንድ ጥያቄ ይበቃሉ፦ «ስንት ይቀራል? ለምንስ?»