ወፍራሙ ድምፅ ዘግይቶ ገባ፦ ከሸክላ እስከ ሆም ቲያትር በአሰላና በአርሲ ደጋ



የዛሬው ገለጻ ስለ ድምፅ ማጉያ ነው። በታሪክ መድረክ ላይ ስለ ሆም ቲያትር መናገር ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ሳይመስል አይቀርም። ይሁን እንጂ የታሪክ ምንጭ ወረቀት ብቻ አይደለም። በ1967 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ካዱ የምንለው፣ ብዙ የታተመ ዘገባ ትቶልናል። ስለ ስንዴው ዘር፣ ስለ ማዳበሪያው፣ ስለ ብድሩ ማንበብ ይቻላል። ትራክተር ሲገባ ከመሬቱ የተነሣው ጭሰኛ ግን ዘገባ አልጻፈም። የእርሱ ወገን ታሪክ በአብዛኛው በቃል የተላለፈ ነው፤ በሽማግሌ ትረካ፣ በጌረርሳ፣ በሴቶች የአቴቴ ዜማ። ከዚህ የቃል ሀብት በቴፕ የተቀረፀው ክፍል ዛሬ የሚገኘው በቤተ መዛግብት ሳይሆን በየሰው ቤት፣ በቁም ሣጥን ውስጥ በተቀመጠ ካሴት ላይ ነው። ካሴቱ የሚሰማው ደግሞ ባለቤቱ ሳሎን ባለው መሣሪያ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ምን እንደሚያሰማና ምን እንደሚሰውር ማወቅ የታሪክ ሰው ሥራ ነው እላለሁ።

የተቀረፀ ድምፅ ወደ አገራችን የመጣበት ታሪክ ሲተረክ የመሣሪያዎቹ ቅደም ተከተል ይነገራል፦ ሸክላ፣ ሬዲዮ፣ ቴፕ፣ ቴሌቪዥን። እኔ ዛሬ የምከተለው የድምፁን አንድ ግማሽ፣ ማለትም ወፍራሙን ነው። ከበሮውን፣ የቤዝ ጊታሩን፣ በአርሲ ጭፈራ ወንዶቹ ከጉሮሯቸው የሚያወጡትን ጥልቅ እስትንፋስ፣ የእግራቸውን ምት። ይህ ግማሽ አንድ ምዕት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ከቀጭኑ ተለይቶ ውጭ ቀርቶ ነበር። በመጨረሻ ሲመጣም በሌላ ሣጥን፣ ለብቻው መጣ። ሁለቱን መልሶ የማገናኘቱ ሥራ የቤቱ ባለቤት ዕዳ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

መነሻችን የምኒልክ ዘመን ነው። በ1898 እ.ኤ.አ. የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ መልእክቷን በፎኖግራፍ ቀርፃ ላከች፤ የእነርሱም መልስ በተመሳሳይ መሣሪያ ተቀርፆ ተላከ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ደግሞ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጀርመን አገር ዜማዎቻቸውን በሸክላ አስቀረፁ። (ሸክላ የሚለው ቃል ለምጣዱና ለሙዚቃው እኩል ማገልገሉ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።) በዚያ ዘመን ማይክሮፎን በቀረፃ ሥራ ላይ ገና አልዋለም ነበር። ድምፁ በቀንድ መሰል ጡሩምባ ተሰብስቦ መርፌውን በራሱ ጉልበት ይገፋል። ከ250 ኸርዝ በታች ያለው ወፍራም ድምፅ ከሞላ ጎደል አይቀረፅም፤ ከበሮ ጠንክሮ ቢመታ መርፌው ከመስመሩ ሊዘል ስለሚችል በየአገሩ ያሉ ቀራጮች ከበሮን ያርቁ ነበር። እንግዲህ የዘመኑ ሙዚቃ ከበሮ የሌለው የሚመስለን ካለን መሣሪያው አታሎናል።

ሬዲዮ በ1935 እ.ኤ.አ. በአቃቂ ጣቢያ ተጀመረ። በ1963 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረውና በ1977 እ.ኤ.አ. በደርግ የተወረሰው የብሥራተ ወንጌል ጣቢያም ከአዲስ አበባ በኃይለኛ ማሠራጫ ይናገር ነበር። ሬዲዮን ለደጋው ገበሬ ቤት ያበቃው ግን ትራንዚስተሩ ነው። መብራት አያስፈልገውም፤ ድንጋይ ይበቃዋል። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ጥቂት ቀን ይጨምራል። በሆዱ ያለው ስፒከር ግን ከመዳፍ አይበልጥም። እንዲህ ያለ ትንሽ ስፒከር ከ200 ኸርዝ በታች እምብዛም አይሰጥም፤ የጎልማሳ ወንድ ድምፅ መሠረት ደግሞ ከ85 እስከ 155 ኸርዝ ገደማ ነው። ታዲያ አንባቢው ለምን እንደ ሕፃን አልተሰማንም? ጆሯችን ከላይኛዎቹ ተከታይ ድምፆች ተነሥቶ የጎደለውን መሠረት ራሱ ይገነባልና ነው። አድማጩ የማያውቀውን ሥራ ይሠራ ነበር ማለት ነው።

በ1980 እ.ኤ.አ. በሞስኮ ኦሎምፒክ ምሩፅ ይፍጠር በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሲያሸንፍ፣ አሰላ አጠገብ ያደገው ትንሹ ኃይሌ ገብረሥላሴ ድሉን የሰማው በአባቱ ሬዲዮ መሆኑን በየጊዜው ተናግሯል። የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። የስታዲየሙ ሁካታ በዚያች ስፒከር ውስጥ እንደ ዘይት ጥብስ የሚንጫጫ እንጂ የሚያስገመግም ሊሆን አይችልም። የጎደለውን ልጁ ጨመረበት። ከዓመታት በኋላ የራሱን ሕይወት የሚተርከውና የአርሲን መሬት የሚያሳየው «ኢንዱራንስ» የተሰኘ ፊልም በተሠራ ጊዜ፣ ሲኒማው ያንኑ ሁካታ ከአዳራሹ በአራት ማዕዘን ማምጣት ወደሚችልበት ደረጃ ደርሶ ነበር።

ስለ ሙዚቃው ባጭሩ ልለፍ። በ1969 እ.ኤ.አ. አምሃ እሸቴ የሸክላ ማሳተም ሥራውን ጀመረ፤ ካይፋ ሪከርድስ ተከተለ። የዚያ ዘመን ባንዶች ኤሌክትሪክ ቤዝ ነበራቸው፤ ስለዚህ ወፍራሙ ድምፅ ቢያንስ በሸክላው ላይ ተቀምጧል። ካሴት ሲተካው ግን ነገሩ ተለወጠ። ጥብቡ ከ4 ሚሊ ሜትር በታች፣ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ5 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ነው። ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ፣ ደግሞም ሲገለበጥ፣ ቀጭኑ ይከስማል፤ ጭረቱ ይበዛል። በቴፕ ሙዚቃ ያደገ ትውልድ የቤዝ ቁልፉን እስከ መጨረሻ ማዞር የለመደው፣ ካለችው ትንሽ ስፒከር የሌለውን ለማውጣት ነው። ልማዱ መሣሪያው ከተለወጠ በኋላም አልለቀቀንም።

ለብቻው የቆመው የወፍራም ድምፅ ሣጥን፣ ሳብዉፈር፣ የውጭ ልጅ ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ኤድጋር ቪልቹር በታሸገ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ጥልቅ ቤዝ የሚሰጥ ስፒከር አወጣ። በ1974 እ.ኤ.አ. ስለ ምድር መናወጥ የተሠራ አንድ የሆሊውድ ፊልም ወንበር በሚያንቀጠቅጡ ግዙፍ ስፒከሮች ታጅቦ ታየ። በ1992 እ.ኤ.አ. ደግሞ «ባትማን ሪተርንስ» ባለ 5.1 መስመር ዲጂታል ድምፅ ይዞ ወጣ፤ «ነጥብ አንዱ» ከ120 ኸርዝ በታች ላለው ነጎድጓድ የተመደበ የተለየ መስመር ነው። ዲቪዲ ይህን ሥርዓት ወደ ቤት አስገባው። እኛ ዘንድም የቪዲዮ ቤቱ ታዳሚ ቀስ በቀስ ወደየሳሎኑ ተበተነ፤ አምስት ትንንሽ ስፒከርና አንድ ሳብዉፈር የያዘው ካርቶን «ሆም ቲያትር» በሚል ስም ተሸጠ። አቅም ያለው ዛሬ ከፊት የራሳቸው ማጉያ በሆዳቸው ያለ ሁለት ረጃጅም ቋሚ ስፒከሮች ያቆማል፤ አጠገባቸውም ሳብዉፈር ያኖራል።

አስቸጋሪው ነገር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ቋሚው ስፒከር ቤዝ አለው፤ ሳብዉፈሩም አለው። ሁለቱ አንዱን ድምፅ እኩል ሲያወጡ፣ አብረው ከገፉ እስከ 6 ዴሲቤል ይጨምራል፤ አንዱ ሲገፋ ሌላው ከሳበ ይጠፋፋል። ባለቤቱ ሁለት ውድ ዕቃ ገዝቶ ከአንዱ ያነሰ ቤዝ ሲሰማ ሻጩን ይረግማል። መፍትሔው የሥራ ክፍፍል ነው። የተለመደው ድንበር 80 ኸርዝ ነው፤ ከዚያ በታች ጆሮ ድምፁ ከየት እንደመጣ መለየት ስለሚሳነው ሳብዉፈሩ የትም ቢቀመጥ አይታወቅበትም። ሪሲቨሩ ላይ ቋሚዎቹን «ትንሽ» ብሎ መመዝገብ ከ80 በታች ያለውን ሁሉ ወደ ሳብዉፈሩ ይልካል። ለታላላቅ ስፒከሮች ስድብ ቢመስልም የሚበጀው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። የቋሚዎቹ ቤዝ በእርግጥ ጠንካራ ከሆነ ደግሞ ለሙዚቃ ለእነርሱ ትቶ፣ ሳብዉፈሩን ለፊልሙ «ነጥብ አንድ» ብቻ ማዋል ይቻላል። ከዚያ የፌዝ ማብሪያውን ከ0 ወደ 180 እያገላበጡ፣ ከመቀመጫ ላይ ሆኖ ቤዝ ጊታሩ ጎልቶ የሚሰማበትን መያዝ ነው። ድምፅ በአሰላ አየር በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ 3.4 ሜትር የርቀት ልዩነት የ10 ሚሊ ሰከንድ መዘግየት ነው፤ ርቀቱን በትክክል ማስገባት ያስፈልጋል። ማጉያዎቹ ብዙ በመሆናቸውም ሁሉንም ከአንድ ዲቫይደር ማብራት በየኬብሉ የሚሾልከውን የእምምታ ድምፅ ይቀንሳል።

ይህ ሁሉ በየትኛውም አገር የሚሠራ ነው። የእኛ ሳሎን ግን የራሱ ጠባይ አለው። 4 በ5 ሜትር የሆነ ክፍል በ42 እና በ34 ኸርዝ አካባቢ በራሱ ያስተጋባል፤ ማስተጋባቱ በግድግዳው ሥር ይበረታል፣ በመካከሉ ይሞታል። እኛ ደግሞ እንግዳን በግድግዳ ዙሪያ ነው የምናስቀምጠው። መሣሪያውን የሚያስተካክለው ሰው ክፍሉ መካከል ቆሞ «ቤዝ አነሰ» ይላል፤ ይጨምራል። ግድግዳ ተደግፈው የተቀመጡት አዛውንት ግን ደረታቸው ይመታል። ስለዚህ ማስተካከል ያለበት ሶፋው ላይ ተቀምጦ ነው። ሳብዉፈሩን በጊዜያዊነት ከሶፋው ላይ አኑሮ፣ ክፍሉን እየዞሩ ቤዙ ጥርት ብሎ የሚሰማበትን ቦታ ፈልጎ፣ ከዚያ እዚያ ማስቀመጥ የታወቀ ዘዴ ነው። ስስ ኮርኒስ ከወፍራሙ ድምፅ ጥቂት ይውጣል፤ ልል የሆነ ቆርቆሮ ግን አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ ብዙ ሰው የስፒከር ብልሽት የሚመስለው ይህ ነው። በክረምት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ሁሉም ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ዝናቡ ሲያባራ መልሶ ዝቅ የሚያደርገው ጥቂቱ ነው።

ከፍታችንም ድርሻ አለው። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,430 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ በመሆኑ፣ ያው ስፒከር በያው የኤሌክትሪክ ኃይል 2.5 ዴሲቤል ያህል ያነሰ ድምፅ ይሰጣል። ያንን ለመመለስ ማጉያው ወደ 80 በመቶ የሚጠጋ ተጨማሪ ኃይል ማውጣት አለበት፤ ቀጭኑ አየር ደግሞ ሙቀቱን ደህና አድርጎ አይወስድለትም። በቦቆጂ ይህ ይብሳል። ሯጩን የሚያጠነክረው አየር ማጉያውን ያደክመዋል።

ስለ ጎረቤት አንድ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ቀጭን ድምፅ ግድግዳ ያቆመዋል፤ ወፍራሙ ይሻገራል። ለቅሶ ባለበት ሰፈር ሬዲዮ መዝጋት የቆየ ሥርዓታችን ነው። ዛሬ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ዝቅ አድርጌያለሁ ብሎ ያምናል፣ ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ግን ምቱን ይሰማሉ። ቢያንስ የሳብዉፈሩን ቁልፍ ለይቶ ማጥፋት ይቻላል፤ ለብቻው መምጣቱ ከጠቀመባቸው ጊዜያት አንዱ ይህ ነው።

አሁን ወደ ካሴቶቻችሁ ልመለስ። የሽማግሌ ትረካ ያለበትን ቴፕ በዚህ መሣሪያ የምትሰሙ ከሆነ ሳብዉፈሩን አጥፉት። በትረካው ውስጥ ከ80 ኸርዝ በታች የሚገኘው የሞተሩ ጉርምርምታ፣ ነፋሱና ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ብርጭቆ ንክኪ እንጂ የሰው ድምፅ አይደለም። ቤዙ ተከፍቶ የተሰማ ትረካ ይታፈናል፤ ባለቤቱም «ተበላሽቷል» ብሎ ይጥለዋል። ድምፁ የደበዘዘ ከሆነ ከመጣል በፊት የቴፑ ማንበቢያ ራስ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ብሎን በጥንቃቄ በማዞር ቀጭኑ ሲከፈት ማዳመጥ ነው። ለእንግዳ ከማሰማታችሁ በፊት በመጀመሪያው ጨዋታ ላይ ወደ ኮምፒውተር ቅዱት፤ ያረጀ ጥብጣብ ሁለተኛ ዕድል ላይሰጥ ይችላል።

ከበሮ ያለበት የሠርግ ቴፕ ሲሆን ሳብዉፈሩን ክፈቱት፤ ነገር ግን አንድ ነገር አስተውሉ። ከበሮው በተመታ ቁጥር የዘፋኟ ድምፅ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ፣ ቀስ ብሎም ሲመለስ ትሰማላችሁ። በዚያ ዘመን ቴፕ ውስጥ የድምፁን መጠን በራሱ የሚቆጣጠር ክፍል ነበር፤ ከበሮው ሲበረታበት ሁሉንም አንድ ላይ ዝቅ ያደርጋል። ያ ማፈግፈግ በክሮስኦቨርም ሆነ በፌዝ ቁልፍ አይስተካከልም። ከበሮው ከቴፑ ምን ያህል ርቀት ላይ ይመታ እንደነበር ግን ይጠቁማል፤ በዚያ ግቢ ውስጥ ማን የት እንደቆመ ለማወቅ ለሚፈልግ ተመራማሪ ይህ የሚጣል መረጃ አይደለም።